በበረዶ የተያዘው የእጅ ፍሬን

ተካዬ፣

ካረፍክ አሥር ወር ሊሞላ ነው። ሚያዝያ ላይ ሄድክ፤ አሁን የካቲት ገባ። ይህን የምጽፍልህ ቫን ናይስ ባለችው ቤታችን፣ ማእድ ቤቷ ውስጥ፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። መጀመሪያ በራሴ ወንበር ላይ ሞከርኩ። ከዚያ ሲያዩት ፊት ለፊት ያለው ያንተ ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ተነሣሁና ቦታ ቀየርኩ።

ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። አይ፣ ተለውጧል። አልጋው መሀል ላይ መተኛት ጀምሬያለሁ። ሁልጊዜ ነገ እሠራዋለሁ የምትለውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ አሠርቼዋለሁ፤ አሁን አይንጠባጠብም፤ ዝምታውን ለመልመድ ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ፌርፋክስ ሰፈር፣ በፍሬሕይወት የቅመም ሱቅ ውስጥ አሁንም እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ታደርሰኝ የነበረውን መንገድ ራሴ እነዳዋለሁ። አዎ፣ በዚያ ፈጣን አውራ መንገድ፣ በፍሪዌዩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጭነት መኪናዎች ኋላ ኋላ፣ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ሬዲዮ ሳልከፍት። አሁን ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ልነግርህ የተቀመጥኩት ግን ይህን አይደለም።

በረዶውን አየሁት።

እኛ የሙቀት ልጆች ነን። ድሬዳዋ ተወለድን፣ ሎስ አንጀለስ ገባን፤ ከአንዱ ፀሐይ ወደ ሌላው። ልጅ ሳለህ የለስላሳ ሻጩ ከሣጥኑ የሰጠህን ቁራጭ በረዶ ለእናትህ ለማሳየት በሩጫ ወደ ቤት ሄደህ፣ ስትደርስ እጅህ ላይ የቀረው እርጥበት ብቻ እንደነበር ስንት ጊዜ ነገርከኝ። እናትህ “ምን ልታሳየኝ ነበር?” ብላ ስትጠይቅህ፣ አልቅሰህ መዳፍህን ዘረጋህላት። ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ ትስቃለህ። ሁልጊዜም መዳፍህን ትዘረጋለህ።

ለዚህ ይመስለኛል ያን ቀን በቁምጣ ሁለት ጥንድ ጓንት ይዘህ የመጣኸው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ሙቀት። “ጥር ላይ ካናዳ እንሄዳለን” አልክ። እዚሁ ተራራ ላይ፣ ሁለት ሰዓት ቢነዱ በረዶ አለ ሲሉህ አልተቀበልክም። “እሱ ለፎቶ ነው። እኔ ሰው የሚኖርበትን በረዶ ነው የምፈልገው።” ጓንቶቹን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥናቸው። በመጀመሪያው ጥር አለቃህ ፈቃድ ከለከለህ። በሁለተኛው የዜግነት ወረቀታችን አላለቀም። በሦስተኛው የወንድምህ ሠርግ ደረሰ። ሌሎቹን አላስታውስም። አሥራ አንድ ጥር አለፈ።

የእሁድ ሽርሽራችንስ? ከቅዳሴ በኋላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት የሰው መኪና ስታቆም ትውላለህ፤ እሁድም ያው ሥራ አብሮህ ይመጣል። የትም ስንሄድ ዞረህ፣ በኋላ ማርሽ አስገብተህ፣ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ መውጫው አድርገህ ታቆማለህ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ትስባለህ። መንዳት ስታስተምረኝ የመጀመሪያው ትምህርትህ እሱ ነበር፦ “ጽጌ፣ ፍሬኑን ሳትስቢ እግርሽ መሬት እንዳይነካ።”

ስለዚህ እኛ ባሕሩን በኋላ መመልከቻው መስታወት ነበር የምናየው። አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ቀን ብነግርህ “ዞር ብለሽ እያት” አልከኝ። ዞር አልኩ። አንገቴን እስኪያመኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰዓትህን ታያለህ፤ ትራፊኩ ሳይጀምር እንሂድ። መናፈሻውም እንዲሁ፣ የአራዊት ማቆያውም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ከዝሆኑ ጋር ሳንተያይ ተመለስን።

አልወቅስህም። ልጅ ሆኖ ተነሡ ሲባል በአንድ ጀምበር ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው መውጫውን ቢያይ ምን ይገርማል። እኔም እንዳንተ ሆኛለሁ። የፈራሁት ይህንኑ ነው፤ ሞተህም ያልሄድንበት ነገር ሁሉ እኔ ውስጥ ተቀምጦ እንዳይቀር።

ኅዳር ላይ ወሰንኩ። ከገና በኋላ ባለው ሳምንት፣ አራት ሌሊት፣ ካናዳ ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ። ሱቅ ውስጥ ስናገር ፍሬሕይወት ሚዛኑን ትታ ሳቀችብኝ።

“በረዶ ካማረሽ ያው ፍሪዘሩ! ወንበር አስገባልሻለሁ።”

“የምሬን ነው።”

“ሶ ብቻሽን ድራይቭ ልታደርጊ ነው? በረዶ ላይ? ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ወደ ግራ ላለመታጠፍ ሦስት ብሎክ የምትዞሪ ሴትዮ!”

የማኅበራችን እናት እትዬ በላይነሽ እዚያው በርበሬ ሊገዙ ቆመው ነበር። ለቅሶህ ላይ ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ሰዉን ሁሉ በአንድ ዓይናቸው ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አልሳቁም።

“ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሽርሽር? ጥቁርሽን ለብሰሽ? ሰው ምን ይላል ጽጌ?”

“ሚያዝያ እስኪደርስ በረዶው ያልቃል እትዬ።”

“ለከርሞ ይመጣል።”

“እሱም እንደዚያ ይል ነበር” አልኳቸው።

በርበሬያቸውን ያዙና ወጡ። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም ነበር። ግን ዘንድሮ ካልሄድኩ አሥራ ሁለተኛው ጥር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚቆጥርልኝ እንኳ የለም።

ፍሬሕይወት ስቃ ስቃ ኮት አመጣችልኝ፤ ቀዝቃዛ አገር የምትማረው ልጇ የተወችው ነው። ቀይ። ሌላ አጣሁ። ከሥር ጥቁሬን፣ ከላይ ቀይ ኮት፣ ኪሶቼ ውስጥ ሁለቱን ጥንድ ጓንት ይዤ አውሮፕላን ገባሁ። ካናዳ ስንደርስ ድንበር ላይ ያለው ሰው “ለሥራ ነው ለመዝናናት?” ሲለኝ ከአፌ የወጣው “ለመዝናናት ነው፣ ይቅርታ” የሚል ነበር። ይቅርታውን ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

መኪና ተከራየሁ። እርጥብ በረዶ እየረገጥኩ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ሁለት እጥፍ ጊዜ ወስዶብኝ ደረስኩ። እንግዳ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ዞሬ፣ በኋላ ማርሽ፣ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አድርጌ አቆምኩ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩ። እንዴት እንደምትኮራብኝ አሰብኩ።

ክፍሌ ገብቼ መጋረጃውን ስከፍት ነጭ ነው። ዛፉ፣ ጣራው፣ አጥሩ። ድምፅ የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም። እዚህ ምን አመጣኝ? ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሲነጋ ለመመለስ ቆረጥኩ። ያየሁት ይበቃል፤ አየሁ ማለት እችላለሁ። ይህን ስወስን ያንተን ሰዓት የማየት አኳኋን በራሴ ክንድ ላይ አወቅሁት፤ ግን አልቆምኩም።

ጠዋት ሻንጣዬን ጫንኩ። ሞተሩ ተነሣ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። መኪናዋ አልሄደችም። ነዳጅ ሰጠኋት፤ የፊት ጎማዎቹ በባዶ ዞሩ፣ የኋላዎቹ እንደተቸነከሩ ቀሩ።

የማረፊያው ጠባቂ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ያለበት ሽማግሌ፣ አካፋውን ተደግፎ መጣ።

“የእጅ ፍሬን ስበሽ ነው ያደርሽው?”

“አዎ።”

“እዚህ በክረምት ማንም አይስብም። ትናንት በመንገድ ፍሬኑ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊቱን በረዶ ሆኖ ጎማውን ይዞታል። ከየት ነው የመጣሽው?”

“ከሎስ አንጀለስ።”

“ታዲያማ!” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ኮቴን፣ ፊቴን፣ ሻንጣውን አየ። “መሄድሽ ነበር? ነገ ፀሐይ ስትመታት ትላቀቃለች። ዛሬ ግን የትም አትሄጂም። ሐይቁ አምስት ደቂቃ ነው፤ በእግርሽ ሂጂ።”

ተካዬ፣ ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ መሰለህ። መውጫውን አሳየኸኝ፣ ከዚያ በዚያው እጅህ መኪናዋን ያዝክብኝ። ተናደድኩ። ጎማውን በጫማዬ መታሁት። እግሬን አመመኝ። ከዚያ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ስላልነበረ ሄድኩ።

ሐይቁ ላይ ሰዎች ይራመዳሉ። ውሃ ላይ፣ ተካ። አንዲት ሴት የልጇን ጋሪ ትገፋለች። ዳር ቆሜ ረጅም ጊዜ ጠበቅኩ። አንድ እግሬን አሳረፍኩ። ከሥር፣ ከሩቅ፣ በረዶው የጉርምርምታ ድምፅ አሰማ፤ ወደ ሴትዮዋ አየሁ። ቀና እንኳ አላለችም። ሁለተኛውን እግሬን አሳረፍኩ።

መሀል ላይ ስደርስ ጓንቴን አውልቄ ያንተን አጠለቅኩ። ሰፋኝ። ጎንበስ ብዬ ዘገንኩና መዳፌን ዘረጋሁ። ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። አልቀለጠም። በጓንትህ መዳፍ ላይ እንዳለ ቁጭ አለ፤ ለማንም ሮጦ ማሳየት ሳያስፈልግ።

ስመለስ ተንሸራትቼ በቂጤ ወደቅኩ፤ በቀይ ኮት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሳቅኩ። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነው። ወዲያው አፌን በጓንትህ ያዝኩ። ከዚያ ለቀቅኩት።

መኪናዋ በማግሥቱ ቀትር ላይ ተላቀቀች። ሽማግሌው መስኮቴን አንኳኩቶ “ነፃ ነሽ” አለኝ። አልሄድኩም። አራቱንም ሌሊት አደርኩ። በየቀኑ ሐይቁ ላይ ሄድኩ፤ በየቀኑም ፈራሁ።

ከተመለስኩ በኋላ እትዬ በላይነሽ ሱቅ መጡ። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጥኳቸውን ጓንቶች አነሡ፣ ውስጣቸውን ዳሰሱ።

“የሱ ናቸው?”

“የሱ ናቸው እትዬ።”

“ይበርዳል?”

“በጣም።”

ጓንቶቹን መልሰው አስቀመጡና “እሁድ ባሕሩ ጋ ትሄጃለሽ ይላሉ። እኔን የሚወስደኝ የለም” አሉ።

ባለፈው እሁድ ወሰድኳቸው። ቦታው ጋ ስንደርስ እጄ እንደ ልማዱ መሪውን ማዞር ጀመረ። አቆምኩት። በቀጥታ፣ በአፍንጫዋ አስገባኋት። ባሕሩ ሙሉውን መስታወት ሞላው፤ ፊት ለፊት።

“ተካ እንዲህ አያቆምም ነበር” አሉ።

“አያቆምም ነበር።”

“ኋላ እንዴት ልትወጪ ነው?”

“ቀስ ብዬ።”

አሰቡበት። “ኦኬ” አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ከዚያ ባሕሩን አየን። ሰዓቴን አላየሁም። ፀሐይዋ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ትራፊኩ ጀመረ፣ እኛም ተቀምጠን ነበር።

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። ጥቁሬን ያን ቀን፣ በሥርዓቱ፣ አወልቃለሁ። በሚመጣው ጥር እንደገና እሄዳለሁ፤ እትዬ ኮት እየፈለጉ ነው፣ ለማንም እንዳትነግር። ጓንቶችህ መኪናዋ ውስጥ ናቸው፤ ወደ መሳቢያ አይመለሱም።

መውጫውን ማየት ትቼልሃለሁ። ሌላው ትምህርትህ ግን ከእኔ ጋር አለ። ብርድ አገር ካልሆንኩ በቀር እግሬ መሬት ከመንካቱ በፊት፣ ፌርፋክስም ሆነ ባሕሩ ጋ፣ ፍሬኑን እስባለሁ። እጄ እዚያ ባረፈ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። በቀን አራት አምስት ጊዜ። በሕይወት እስካለሁ።

ያንተው ጽጌ