የልጄ እርምጃ በወንድሜ እግር

ጥር 8
ሥራ። የሆቴሉ አንሶላ እንደ ጉድ መጣ። የመተኮሻ ክፍሉ ሙቀት አይጣል ነው። እኔ የተኮስኩትን የምታጥፈው ባልደረባዬ፣ አጣፊዋ፣ አሁን ተቀምጣ ነው የምትሠራው። እዚሁ እርጥብ ወለል ላይ ከወደቀች ወዲህ ዳሌዋ መቆም እምቢ አላት። የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ቢሮ ብትሄድ «ለሰፈራችሁ የተመደበው ቦታ ሞልቷል፣ አንድ ሰው ሲወጣ እንጠራሻለን» አሏት።
«እስኪ ማን ይሙትልኝ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ እኔን አየችና አፏን ያዘች።
ግድ የለም አልኳት። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ እኔ ፊት ይህን ቃል ይፈራል።

ጥር 9
ዛሬ በመስኮት ልጄን አየሁት።
እንዴት ብዬ ልጻፈው... አንድ ሰው በመንገዱ ይመጣል። ግራ ትከሻው ዝቅ፣ ተረከዙ ብድግ፣ ከዚያ ትንሽ ዘለል። የልጄ አረማመድ! በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩት።
ታናሽ ወንድሜ! ቀለም ቀቢው! ባለፈው ሳምንት መሰላል ጫፍ ላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር ያየሁት ሰውዬ፣ ምርኩዝ ይዞ።
«ምን ሆንክ?»
«ዝም በይ እትዬ፣ ሰው ይሰማል።»
በሩን ዘግቶ ነገረኝ። ከመሰላል ወድቄ ጉልበቴ ተጎዳ ብሎ ድጎማ መብላት ከጀመረ ከርሟል። ቢሮው እንደ ዛሬ በሚጠራው ቀን ብቻ ያነክሳል።
«ማን አስተማረህ?»
«ማን ያስተምረኛል? ልጅሽን በትከሻዬም በጎኔም ይዤ ያሳደግኩት እኔ አይደለሁ? ሌላ ማንከስ አላውቅማ!»
እውነቱን ነው። በቤታችን የምናውቀው ማንከስ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ እግሩ አጥሮ የተወለደው የልጄ።
መቆጣት ነበረብኝ... ሳቅ ያዘኝ። እስኪ እንደገና ሂድ አልኩት። ሄደ። እንደገና! ጠረጴዛውን ዞረ። እሱም ሳቁ መጣ። ሆዴን ይዤ አልጋው ላይ ወደቅሁ። ልጄ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። አበድኩ እንዴ?

ጥር 11
ቀኑን ሙሉ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። አንድ አንሶላ አቃጠልኩ። ተቆጣጣሪው «እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አለኝ። ይዞኛል አልኩት።

ጥር 14
ቢሮ አብሬው ሄድኩ። ለምን? ከኋላ ሆኜ ላየው። ሌላ ምክንያት የለኝም።
ሲገባ ልጄ ነው። ሲወጣም ልጄ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ ተነሳ... ያ ጉደኛ ምርኩዙን በብብቱ ሸጉጦ እንደ ሚዳቋ ሮጠ! ዘሎ ተሳፈረ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እትዬ፣ ነይ እንጂ!» ይለኛል፣ ተሰላፊው ሁሉ እያየ።
የቢሮው ዘበኛ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እንዲህ የሚፈውስ ቢሮ አይቼ አላውቅም» አለ።
«አትናገርም?»
«እኔ የምጠብቀው በሩን ነው።»
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ጥር 16
አጣፊዋን አሰናበቷት። ተቀምጦ የሚያጥፍ አያስፈልገንም ተባለች።
«እኔና ወንበሩ አብረን ተባረርን» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ወደ ካውያዬ ዞርኩ። እሷ የምትጠብቀውን የሰፈራችንን ቦታ ማን እንደያዘው አውቃለሁ።
ልናገር? የእናቴ ልጅ ነው። ደግሞ ከተናገርኩ ያ እርምጃ አበቃ። ልጄን ሁለተኛ ልቅበረው?

ጥር 17
ለመንኩት። «አንተው ራስህ ሂድና ዳንኩ በላቸው።»
«እትዬ ደግሞ! መንግሥት በእኔ አይደኸይም።»
«የአጣፊዋን ቦታ ነው የያዝከው።»
«እኔ አላውቃትም።»
«እኔ አውቃታለሁ።»
ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ተነሳ። «አንቺ አትናገሪም። ብትናገሪ ይሄን ከየት ታገኚዋለሽ?» አለና በልጄ እርምጃ እስከ በሩ ሄደ። ዞሮ እስክስቅ ጠበቀኝ።
አልሳቅሁም። ልጄን መደለያ አደረገው!

ጥር 19
ሄድኩ። ድጎማ ቢሮ፣ ብቻዬን፣ ወንድሜን ላጋልጥ።
መርማሪዋ ልጅ እግር ናት። «መዋሸቱን እንዴት አወቁ እናቴ? ሐኪም ነዎት?»
«ልብስ ነው የምተኩሰው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ጉልበቱን ማጠፍ ይፈራል። ወንድሜ ግን ተረከዙን ነው የሚያነሳው። እንዲህ የሚሄድ አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ነው። የልጄ አካሄድ ነው።»
«አልገባኝም። እንዴት ነው የሚሄደው?»
በቃል እንዴት ይነገራል? ብድግ አልኩ። ግራ ትከሻዬን ዝቅ፣ ተረከዜን ብድግ፣ ትንሽ ዘለል... በጠረጴዛዎቹ መሀል! እኔ! ለካ እግሬም ያውቀዋል! እስከ ግድግዳው ሄጄ ተመለስኩ። ሠራተኞቹ ከወንበራቸው ተነስተው ያዩኛል። ሳቄ ፈነዳ። መርማሪዋም ሳቀች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።
ከዚያ ልጄን መቅበሬን ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ።

ጥር 28
ድጎማ ቢሮው አጣፊዋን ጠራት! ከቤቴ ደረጃ ሥር ሆና «ሳይሞት የወጣልኝ ማነው?» እያለች ትጮሃለች። አልነገርኳትም።

የካቲት 3
ወንድሜ መጣ። ደረጃውን በሁለት ጤነኛ እግሩ እየደበደበ። ድጎማው ተቋርጧል፤ የበላውን ሠርቶ ይመልሳል።
«አንቺ እህት ነሽ? ጠላት እንኳ እንዲህ አያደርግም!»
«በል ተሳደብ። ይገባሃል።»
የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረሰና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ታገሥኩት። ልብስ አጥቤ ስለነበር ከባልዲው እስከ መስኮቱ እያሰጣሁ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን ቤት ውስጥ የምሄደው እንደ ልጄ ነው፤ ሳላስበው እግሬ ጀመረ።
ዞሮ አየኝ። በዓይኑ እግሬን ተከተለ። የሚያለቅስ መሰለኝ።
«አበላሸሽው» አለ።
«ምኑን?»
«ትከሻው እንዲህ አይወድቅም... ቀስ ብሎ ነው። አንቺ ከኋላው ሆነሽ አይተሽው አታውቂም። ቁሚ፣ እኔ ላሳይሽ።»
ተነሳ። እርጥቡን አንሶላ ከእጄ ቀማኝና በልጄ እርምጃ ከፊቴ ሄደ። ተከተልኩት።