የተረገጠው ምድጃ

እኔ ውቤ ገብረ ኢየሱስ፣ ሥራዬ ቆርቆሮ ቀጥቃጭነት፣ መኖሪያዬ መርካቶ ከምናለሽ ተራ ጀርባ የሆነ፣ ዛሬ ሐሙስ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ኑዛዜ አስጽፌአለሁ። ሳንባዬ እንደ አሮጌ ወናፍ ቢያፏጭም አእምሮዬ አልተናጋም። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። ዕለቱ ሰኔ ሚካኤል በመሆኑ ግማሹ ተራ መዶሻውን አሳርፏልና ድምፄ ይሰማል። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ መጮኽ ነበረብኝ፤ ለመጮኽ ደግሞ ትንፋሽ የለኝም።

ምስክሮቼ በአግዳሚው ወንበር ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሙህዲን ነው፤ አሮጌ በርሜል እየገዛ ሲያቀርብልኝ የኖረ ጎረቤቴ። ሁለተኛው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተሰድዶ መጥቶ በተሸካሚነት የሚተዳደረው ይመር ነው። ሦስተኛዋ ሸዋርካብሽ ናት፤ በተራችን መግቢያ ሻይ ቤት አላት። አራተኛው ታናሽ ወንድሜ ኪዳነ ማርያም ገብረ ኢየሱስ ሲሆን፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ የከሰል መደብር አለው። ወራሾቼ፣ ልጆቼ አበራና እታገኝ፣ በአልጋዬ ግርጌ ቆመዋል።

ወንድሜን ለምስክርነት የጠራሁበትን ምክንያት አልደብቅም። ጸሐፊው አቶ ከተማ ሕጉን ሲያስረዱኝ፣ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አንዳች አይወርስም አሉኝ። ይህን እንደ ሰማሁ «እንግዲያውስ ወንድሜን ጥሩልኝ» አልሁ። ሁሉን እንዲሰማ፣ አንዳች ግን እንዳይወስድ ብዬ ነው። እርሱም ነገሩ ገብቶት መጣ። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል።

ከንብረቴ አስቀድሞ ሥራዬን አስመዘግባለሁ። ቀጥቃጭ ነኝ። ልጄ አበራ ተማሪ ሳለ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ቢሉት «ነጋዴ» ብሎ ነበር፤ ቀጥቃጭ ማለት አፍሮ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ አልረሳሁትም። በዚህ ተራ ውስጥ ሆዱ ሸክላ የሆነውን የከሰል ምድጃ መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። የቀድሞው ምድጃ ቆርቆሮ ብቻ ስለ ነበር የምታበስለዋን ሴት እግር ያሞቅ ነበር እንጂ ለድስቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኔ በቆርቆሮው ውስጥ ሸክላ አስገባሁ፤ በሁለቱ መካከል አመድ ጠቀጠቅሁ፤ አፉንም አጠበብሁት። እሳቱ ወደ ድስቱ ዞረ። ከሰል ሁለት ጊዜ ይጨመርበት የነበረው ወጥ በአንድ ጨመራ በሰለ። የሰፈራችን ሴቶች ይህን አይተው ምድጃዬን «ጿሚው» ብለው ጠሩት፤ ጥቂት ቀምሶ ስለሚውል ነው። ስሙን እኔ አላወጣሁትም። ሰው ያወጣልኝ ስለ ሆነ ግን ከራሴ ስም አብልጬ እወደዋለሁ።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ግን ጿሚውን የሚያውቀው የለም። ይህ ይቆጨኛል፤ በዚህ አልጋ ላይ ሆኜ የሚያሳስበኝም ሞቴ ሳይሆን ይኸው ነው። የከተማው ሴት ሁሉ ወደ ምናለሽ ተራ አይመጣም። ወደ ከሰል መደብር ግን ይመጣል። ትልቁ የከሰል መደብር ደግሞ የማን እንደ ሆነ ተናግሬአለሁ።

ምድጃውን ለምን እንደ ሠራሁት ልጆቼ ከሥሩ አያውቁም። እኔና ኪዳነ ማርያም የተወለድነው ምንጃር ውስጥ ግራር አፋፍ ከሚባል ኮረብታ ሥር ነው። በልጅነታችን ዱሩ ውስጥ ስንገባ ካልተጠራራን አንገናኝም ነበር። ከኮረብታው ሥር የሚፈልቀው ምንጭም በጋ ከክረምት አይነጥፍም። እኔ አዲስ አበባ መጥቼ እግሬን ሳደላድል ወንድሜን አስመጣሁት፤ ሠራተኛ ነውና በከሰል ንግድ ፈጥኖ አደገ። ከተማውም አደገ፤ ድስቱ በዛ፤ ከሰሉ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ለእናታችን ለቅሶ ስንወርድ ግራር አፋፍ ራሱን ተላጭቶ ጠበቀን። ዛፉ ከስሎ፣ በጆንያ ታስሮ፣ በወንድሜ መደብር በኩል አልፎ አልቋል። ምንጩ ደርቋል። የበልጉ ዝናብ ቀርቷል፤ ክረምቱም ዘግይቶ እየገባ ቀድሞ ይወጣል። ሲዘንብም አፈሩን የሚይዘው ሥር ስለ ሌለ ማሳው በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ገብቷል።

ይመር ይህን ሲሰማ «እኛም ጋ መጀመሪያ የሄደው ምንጩ ነው፤ ከዚያ ከብቱ ሄደ፤ ከዚያ እኛ» አለ። አቶ ከተማ «ይህም ይጻፍ?» ቢሉኝ «ይጻፍ» አልሁ።

ዝናቡን ያስቀረው የዛፉ መቆረጥ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ራዲዮኔ በቀደም ሲናገር፣ በሩቅ አገር ያሉት ፋብሪካዎች ጢስ የምድርን አየር እያሞቀ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ ብሏል። ባለፋብሪካዎቹ በጢሳቸው ይጠየቁበት። እኔ የምጠየቀው ከዚህ ከተማ ጓዳ በሚወጣው ነው። ከለቅሶው ስመለስ መቀሴን አንሥቼ ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመርሁ፤ የጿሚውም ልደት ይህ ነው።

የመጀመሪያውን ጿሚ በገዛ እጄ ተሸክሜ ለወንድሜ ወሰድሁለት። በመደብሩ በር ላይ፣ ደንበኛው ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ማነቂያዬን ነው ይዘውልኝ የመጡት?» አለና በጫማው ረገጠው። ቆርቆሮው ሰረጎደ፤ ሸክላው ለሁለት ተሰነጠቀ። አንሥቼው ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ፋሲካም ሆነ እንቁጣጣሽ በአንድ ገበታ አልቀረብንም። ምድጃው እነሆ ከራስጌዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

እንግዲህ ንብረቴን እንደሚከተለው አከፋፍላለሁ።

አንደኛ፤ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ትርፍ ስላልነበረኝ አንዲቷ ቤቴ ቀርታልኛለች። አበራና እታገኝ እኩል ይውረሷት። አበራ ራዲዮኑን ይጨምር፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያዳምጠዋል። የአባቱን ሥራ ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ትክክለኛውን ይንገር።

ሁለተኛ፤ የምቀጠቅጥበት መስፌ፣ መዶሻዎቼ፣ የቆርቆሮ መቀሶቼ፣ የጿሚው ልክ የተቆረጠባቸው የቆርቆሮ ቁራጮች በሙሉ የልጄ የእታገኝ ናቸው። ሴት ልጅ ቀጥቃጭ አትሆንም ያሉኝ ሰዎች እዚሁ ተራ ውስጥ በሕይወት አሉ። እርሷ ያጠፈችው ቆርቆሮ ውሃ አያሳልፍም፤ የእነርሱን እነርሱ ያውቁታል። እታገኝ ሆይ፣ ሸክላውን አታሳሺው። አሳስተው በርካሽ የሚሸጡ አሉ፤ ምድጃው በወሩ ሲሰነጠቅ የሚሰደበው የጿሚው ስም ነው። ልኩን የሚጠይቅሽ ሰው ቢመጣ ግን ስጪው፤ አትሽጪለት። በትክክል እስከ ሠራው ድረስ ከየትኛውም እጅ ቢወጣ የእኔ ነው።

ሦስተኛ፤ ከሙህዲን በቃል ብቻ በዱቤ የወሰድኋቸው በርሜሎች በምድጃ ይተኩለት። «ኧረ ጋሽ ውቤ፣ ይተዉት እባክዎ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አልተቀበልሁትም።

አራተኛ፤ ተዝካሬ ያለ ክምር እንጨት ይሁን። የአንድ ሰው ተዝካር የሚፈጀውን ማገዶ አይቻለሁ፤ ለአንድ ነፍስ ዕረፍት አንድ ዱር ሲነድ። ጿሚዎች በግቢው ይደርደሩ፤ ወጡ በእነርሱ ላይ ይሠራ። ካህናቱና እድርተኞቹ በልተው ሲጠግቡ፣ ምን ያህል ከሰል እንደ ነደደ አበራ ቆሞ ይንገራቸው። በሥራዬ ልመካ የምችልበት የመጨረሻው ቀን ነውና አይንፈገኝ።

አምስተኛ፤ የተረገጠው ምድጃ በእታገኝ መሥሪያ በር ላይ ይሰቀል። ስርጉዱ አይቃና። ወንድሜ በዚያ ባለፈ ቁጥር የጫማውን ልክ ይየው።

እዚህ ላይ ሸዋርካብሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሽ ውቤ፣ ምስክር ነሽ ካሉኝ የማውቀውን ልናገር» አለች።

«ተናገሪ» አልኋት።

«ያኔ ምድጃው በተረገጠ ሰሞን ሁለት ጿሚ የገዛሁዎት ትዝ ይልዎታል? ለአንዲት ሻይ ቤት ሁለት ምን ያደርግልሻል ብለውኝ ነበር።»

«ትዝ ይለኛል።»

«አንዱ የእኔ አልነበረም። ለጋሽ ኪዳነ ማርያም ቤት ነው የገዛሁት። ባለቤታቸው ናቸው የላኩኝ። እስከ ዛሬ የሚበስለው በእሱ ነው። ሸክላው ባረጀ ጊዜም እኔው ነኝ ከእርስዎ ያስለወጥኩት።»

አቶ ከተማ ብዕራቸውን አቆሙ። እኔ ወንድሜን ተመለከትሁት።

«ኪዳነ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«የሚስትህ ሥራ ነው ወይስ የአንተ?»

«እሷን የላክኋት እኔ ነኝ» አለ፤ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ። «ደንበኛ ሁሉ እያየኝ ረግጬው፣ በየትኛው ፊቴ መጥቼ ልግዛ?»

«ለመሆኑ ከሰል የሞላው ሰው ከሰል ቆጣቢ ምን ይሠራለታል?»

«ከሰሉን የማውቀው እኔ ነኛ። ድሮ የግራር ግንድ ነበር የሚመጣልኝ። አሁን መኪናው ከአዋሽ ማዶ፣ ሁለት ኬላ አልፎ ይመጣና ጆንያውን ስፈታው ጣት የማታህል ጭራሮ ነው። ስረግጠው ሰው ፊት ስለ ነበርን ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ ያኔም ምድጃው ትክክል መሆኑን አውቄ ነበር። ደንበኛው ይህን አውቆ ከሰል እንዳይቀንስብኝ ብዬ ነው የረገጥኩት።»

ደስ አለኝ። ይህም ይጻፍ። ሳቄ መጥቶ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እታገኝ ውሃ እስክትሰጠኝ ድረስ መናገር አልቻልሁም። በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። ፊት ለፊት ረግጦት በጓዳ ሲያበስልበት የኖረ ሰው ምስጋና ግን ከሁሉም በለጠብኝ። የተከፋሁበትን ዘመን ሁሉ የወንድሜ ወጥ በእኔ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ ኖሯል።

ስለዚህ አምስተኛው አንቀጽ እንዲሰረዝ አዝዣለሁ፤ በስርዙ ላይም ፈርሜአለሁ። ወንድሜን «ከአግዳሚው ተነሥና ከልጆቼ አጠገብ ቁም» አልሁት። አቶ ከተማ «እንዲህ ከሆነ ምስክር ጎደለ» አሉ። ይመር ወጥቶ ከጎረቤት አሮጌ ጣሳ የምትነግደውን ሐዋን ጠርቶ አስገባት፤ በወንድሜም ቦታ ተቀመጠች።

በተሰረዘው ምትክ እንዲህ ተጽፏል። የተረገጠውን ምድጃ ለወንድሜ ለኪዳነ ማርያም አውርሼዋለሁ። እታገኝ አዲስ ሸክላ ታግባበት። ስርጉዱን ግን እንዳትነካው፤ ኩራቴን ሙሉ በሙሉ አልጣልሁም። ወንድሜ ይህን ምድጃ በመደብሩ በር ላይ፣ በረገጠበት ቦታ አስቀምጦ ያንድድበት። ከጎኑ እታገኝ የምትሠራቸውን ጿሚዎች ይደርድር። ከሰል ልትገዛ የመጣች ሴት ሁሉ ጆንያውን ሳታነሣ በፊት ምድጃውን ያሳያት። ስርጉዱ የማን ጫማ እንደ ሆነ ከጠየቀችውም ይንገራት።

እርሱም «ጋሼ፣ ሁሉም ጿሚ ከገዛ እኮ የምሸጠው ግማሽ ነው» አለ።

«ግማሹን ለእጥፍ ዘመን ትሸጠዋለህ። አሁን በያዝኸው መንገድ ግን ሙሉውን ሸጠህ ልትጨርስ ምን ቀረህ?» አልሁት።

«እሺ» አለ።

ስድስተኛ፤ የምንጃር ሰዎች እንደ ነገሩኝ፣ የገበሬ ማኅበሩ ግራር አፋፍን ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ እርከን እየሠራ ነው። ዝናቡ ጠበቅ ሲል ወንድሜና እታገኝ አብረው ወርደው የግራር ችግኝ ይትከሉ። ቦታውን ያሳያት፤ ምንጩ የት እንደ ነበረ ከቤተሰባችን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ውሃው እኔ ሞቼም፣ እርሱ ሞቶም ላይመለስ ይችላል። ለማየት አይደለም የምናዘዘው። ልጆቻችን ሲወርዱ ተላጭቶ የሚጠብቃቸው ኮረብታ እንዳይሆን ነው።

ሌላ የምለው የለኝም። ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ኖርሁ፤ በቀጠቀጥሁት ሰው በላ። ከዚህ የበለጠ ሐውልት አልፈልግም።

ይህ ኑዛዜ በእኔ ቃል ተነግሮ፣ በአቶ ከተማ እጅ ተጽፎ፣ ሐዋ ከገባች በኋላ እንደ ገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአራቱ ምስክሮች ፊት ዛሬ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ተነብቧል። ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። የጣት ቀለሙን መልሱት፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በስተርጅና ፊደል የቆጠርሁት ለዚህ ቀን ነውና በብዕር እፈርማለሁ።

ተናዛዥ፦ ውቤ ገብረ ኢየሱስ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ሙህዲን (ፊርማ)
ይመር (የጣት አሻራ)
ሸዋርካብሽ (ፊርማ)
ሐዋ (የጣት አሻራ)

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ ከላይ ያለው ሁሉ በፊቴ ተነግሮ ጽፌዋለሁ። አቶ ኪዳነ ማርያም ገብረ ኢየሱስ ወራሽ በመሆናቸው በምስክርነት አልፈረሙም። ፊርማው እንዳለቀ ምድጃውን ከግድግዳው አውርደው፣ ተናዛዡ «ገና አልሞትሁም እኮ» ቢሏቸው «ጋሼ፣ እያዩት ይንደድ» ብለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው በተራው መካከል ሄደዋል።
ከተማ (ፊርማ)