የአባባ ቅጠልና የእኔ አረም

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ ምንተስኖት፣

ጤናህ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ሥራውስ፣ ምግቡስ ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ውርጩ ጠናብን እንጂ ገብሱ በደኅና ገብቷል። ይህን በስልክ ልነግርህ ብዬ አፌ ተያዘብኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የአባባን የቁስል መድኃኒት ሊመረምሩ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ነበር። አባባ እምቢ ብለው ቆይተው በንስሐ አባታችን ልመና ፈቀዱ። እንደምታውቀው መድኃኒቱ ሁለት ቅጠል ነው። አንዱን አባባ ብቻቸውን ነው የሚያመጡት፤ ለአንተ የሚያወርሱት እሱን ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሰው ቅጠላቸውን እንዳይለይባቸው መሸፈኛ ብለው የሚጨምሩት ያጥር ሥር አረም ነው። እሱን የምለቅመው እኔ ነኝ። መርማሪዎቹ ግን ሁለቱን ለየብቻ አድርገው ቁስል በሚያመረቅዝ ጀርም ላይ ሞከሯቸው።

ባለፈው እሑድ ትርሲት የምትባለው መርማሪ ሰንበቴ ላይ መጥታ ውጤቱን ነገረችን። የአባባ ቅጠል ጀርሙን ምንም አላደረገውም፤ የገደለው አረሙ ነው። ገና ብዙ ምርመራ ይቀረዋል ብላ ነበር፤ ማን ሰምቷት። ጎረቤታችን አያ ወዳጆ፣ «አባባ ወልደ ጻድቅ፣ ለካ ሲደቁሱ ፊታችሁን አዙሩ የሚሉን ላረም ኖሯል» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወንድም ጋሼ፣ የእኔ በለጠ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት። አባባ አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ሐሙስ ዕለት ራሱ አያ ወዳጆ ጓሳ ሣር ሲያጭድ ማጭድ ቅልጥሙን ቆርጦት እያነከሰ መጣ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ «መድኃኒቱ እሷ ዘንድ ነው» አሉት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ጤና ኬላ ሂድ ብትለውም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ «ቀልዴን እኮ ነው አባባ፤ ያለ እርስዎ እጅ ማን ይነካኛል» እያለ ለመነ። በመጨረሻ ተነሡ። «ያንቺን አምጪ» አሉኝ፤ አመጣሁ። የራሳቸውንም ጨብጠው መጥተው አብረው ደቆሱት። ቁስሉ ገና ነው፤ አልታወቀም።

ማታውኑ ለእማዬ፣ «ምንተስኖት ይህን ከሰማ ቅጠሌን ምን ያደርግለታል» ሲሉ ሰማኋቸው። ድምፃቸው የአባባ አይመስልም ነበር። እባክህ ለፋሲካ ና። ቅጠሉን ሊያሳዩህ ሲወስዱህ አብረሃቸው ሂድ፤ አይረባም እንዳትላቸው።

እማዬን በጣም ናፍቀሃታል። ትንሿ ጠጄ ስምህን መጻፍ ችላለች፤ ሰላም በዪልኝ ብላለች። አያ ወዳጆም እግሩን ዘርግቶ ሰላም ብሎሃል። አባባን ግን ምን ልበልልዎ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ፤ የእሳቸውን ሰላምታ ራስህ መጥተህ ተቀበል።

እህትህ ሲና

ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.