ያልታደሰው ገጽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ቢልድ ሰርቨሩ ዛሬም ሥራውን ጨረሰ። ኮዱን ገጣጥሞ፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። ከዚያ አንስቶ ደንበኛችን ክሊኒክ ወደሚጠቀምበት ማሽን መገልበጥ የኔ ፋንታ ነው። አራት ዓመት በእጄ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልወድም… ደግሞስ ማን ይነካዋል?

አዲሱ ፕሮግራመር የቀጠሮውን ስህተት አስተካክያለሁ አለ። ስክሪኑ የሰውን ቀጠሮ በአንድ ቀን እያዘገየ ያሳይ ነበር። "እባክሽ እህቴ፣ ዛሬውኑ ጫኚልኝ።" ጫንኩ። ምሳ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ስህተቱ እንዳለ ነው። ከክሊኒኩ ተደወለ። አለቃችን ሰው ሁሉ ፊት ጮኸበት። "አስተካክያለሁ ብለህ አልነበር?"
"እናቴ ትሙት አስተካክያለሁ!"
ማን ይመነው። የሙከራ ጊዜው ዓርብ ያልቃል። ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

ከሰዓት የሰርቨሩን መዝገብ አየሁ። የሱ ማስተካከያ ያለው ቅጂ ቁጥር 412 ላይ ነው። የጫንኩት 411። ሰኞ ጠዋት የከፈትኩትን ገጽ ሳላድስ፣ ከላይ ያገኘሁትን ቁጥር አነሳሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ድምፄን አጥፍቼ 412ን ጫንኩ። ስህተቱ ጠፋ። አለቃ፦ "አየህ? ሲቆጡህ ትሠራለህ!"

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ምንም አላልኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
አለቃ ሻይ ላይ፦ "ውሸታም አልወድም። ነገ አሰናብተዋለሁ።" ቀጥሎም፣ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?"
አፈርኩ… ግን ሻዬን ጨረስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ስብሰባው ላይ ተናገርኩ። "አሮጌውን የጫንኩት እኔ ነኝ። እሱ ሰኞ ጨርሶ ነበር።" አለቃ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ አየ። ልጁ አይሰናበትም።

ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ሊያመሰግነኝ መሰለኝ… ምን ነካኝ?
"መቼ ነው ያወቅሽው?"
"ማክሰኞ።"
ራሱን ነቀነቀ። ወረደ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
በእጅ መገልበጥ ቀረ። ሰርቨሩ ራሱ ይጭናል፤ ሁለተኛ ሰው አይቶ ሲፈቅድ ብቻ። አሠራሩን የዘረጋው ልጁ ነው። የኔን የሚያየውም እሱ።

ጥሩ አሠራር ነው። መቃወሚያ የለኝም።

ዛሬ አጠገቤ ቆሞ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ልክ ነበር። ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበ። ምን እለዋለሁ? እስኪጨርስ ጠበቅኩት።