ገበያው ሲደራ ጊዜ፣ ሲቀዘቅዝ ገንዘብ ስለሚያጣው ስክሪናችን

ለክቡር ዶክተር ኤክሃርት ሽቴግማየር
የበር ማጠፊያ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የላይኛው ፎቅ ማሞቂያዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በምድር ቤት ያለነው፣ ማለትም እኔና ፋክሱ፣ ደህና ነን።

እንደሚያስታውሱት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገበያው ሞቅ ባለ ጊዜ፣ ፕሬትሰል የሚባለውን ጥምዝ ዳቦ ቅቤ ተቀብቶ አድለውን፣ «ከእንግዲህ ወረቀት ከዚህ ቤት ይወጣል» ብለው አዲሱን ዲጂታል ሥርዓት መርቀው ከፍተውልናል። ስለዚያ ውለታ ምስጋናዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የተገደድኩት፣ በሥርዓቱ ስክሪን በኩል ብልከው ተመልሶ ለእኔው ስለሚደርሰኝ ነው።

፩ኛ. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሥርዓቱ በግማሽ እንደተተከለ ትዕዛዝ ጎረፈብንና ቀሪው እንዲጠናቀቅ ብጠይቅዎ፣ «ወይዘሮ ፋይክት፣ በዚህ ሩጫ መሐል ማን ቁጭ ብሎ ይማራል? ገበያው ረገብ ይበል» አሉኝ። ረገብ አለ። ብመለስ፣ «አሁን እኮ ብረት መግዣም አጥተናል፤ ገበያው ይነሣ» አሉኝ። ተነሣ። እነሆ ለሦስተኛ ጊዜ ዞረን እዚያው ነን።

፪ኛ. ስላልተቋረጠው የአካል እንቅስቃሴዬ አመሰግናለሁ። ትዕዛዝ በስክሪን ይመጣል፤ አትመዋለሁ፤ ማኅተም እመታበታለሁ፤ በፋክስ ወደ ማምረቻው እልከዋለሁ፤ ተፈርሞ ሲመለስልኝም ስካን አድርጌ ወደ መጣበት ስክሪን አስገባዋለሁ። የማምረቻው አለቃ ኡልሪክ፣ «ጉድሩን፣ አንቺ የታመምሽ ቀን እኛ ማጠፊያ መሥራታችንን ማን ያውቃል?» ይለኛል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

፫ኛ. ባለፈው ክረምት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሥራቸውን ስክሪኑ ይሠራዋል ተብሎ ሁለት ባልደረቦቼ ተሰናበቱ። ስክሪኑ እኔ ነኝ።

፬ኛ. ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከጡረታ ጊዜዬ ቀደም ብዬ በስምምነት ለመውጣትና ቦደንዜ ሐይቅ ዳር ብቻዋን ከምትኖረው ታማሚ እኅቴ ጋር ለመኖር የእርስዎ ፊርማ ብቻ ይቀረኛል። እርስዎም በደግነት፣ «ወረቀቱንም ስክሪኑንም የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ይሄዳሉ» ብለውኛል። መቼ እንደሚጠናቀቅ ለማወቅ ተራ ቁጥር አንድን ይመልከቱ።

ከዚህ በላይ ጊዜዎንም ሆነ በጀትዎን ሳልነካ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው ወለል በታች ሆኜ እጅ የምነሣ፣

ጉድሩን ፋይክት
የትዕዛዝ ክፍል (በሙሉ)

ድኅረ ማስታወሻ፦ የመውጫ ጥያቄዬን በደንቡ መሠረት በስክሪኑ አቅርቤ፣ በደንቡ መሠረት ራሴ ተቀብዬ፣ አትሜ፣ ማኅተም መትቼበታለሁ። ስክሪኑ ለመልስዎ ከሁለት ምክንያቶች አንዱን እንዲመርጡ ይፈቅድልዎታል፤ «ጊዜ የለም» ወይም «ገንዘብ የለም»። «ተፈቅዷል» የሚለው ባልተተከለው ግማሽ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ወረቀቱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ፣ ብዕሩን በክር አስሬ አንጠልጥዬልዎታለሁ።