ቁም ሣጥኔ ውስጥ የቆለፍኩት ጫማ

ታንታ፣ ጥቅምት 4
ሻዩ ቀዝቅዞ መጣ። የሚያሞቅልኝም የለም። "ቴታ" እያለች የምትጠራኝ የልጅ ልጄ ጂላን ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ቤቱ በሙሉ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ታስሯል። ቴሌቪዥኑ ተሸፍኗል፣ እንግዳ ተከልክሏል። ዛሬ ደግሞ የእጅ ኳስ ጫማዋን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩባት። "እስከ ሰኔ ብቻ ነው" አልኳት። አልተከራከረችም። ደግ አደረገች።

ጥቅምት 23
በዚህ ዘመን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤት አይሄድም፤ አስጠኚዎቹ ቤት ይመጣሉ። ልጅቷ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሯ አትነሣም። እናቷ ኢናስ በየሰዓቱ ሳህን ይዛ ትገባለች።
"አንጎል ስኳር ይፈልጋል፣ እማማ።"
እኔን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መነኮሳት ቁራሽ ዳቦና እርጎ ነበር የሚሰጡን። አንጎሌ ምን ጎደለው?

ኅዳር 9
የአጎቷ ልጅ ቀለበት አሰረች። የጂላን ቀሚስ ዚፕ ወገቧ ላይ ቆሞ አልዘጋ አለ፤ በሻርፕ ሸፈንነው። ጎረቤታችን ሱኸይር ገና ከበሩ፣ "ማሻአላህ! መጽሐፉን ነው የበላሽው ወይስ አስጠኚውን?" አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።
ቤት እንደገባን ልብሷን ሳታወልቅ ተኛች።

ኅዳር 14
ሚዛን አስገዛሁ። በየዓርቡ ትመዘናለች። ሥርዓት ነው። ዓይኗን ጨፍና ወጣችበት... ምን ያስጨፍናል? የኢናስን ሳህንም አስቆምኩ።

ኅዳር 28
አራተኛው ዓርብ ሳይደርስ ሁለት ኪሎ ጨመረች! ከኬሚስትሪ መጽሐፎቿ ጀርባ የደረቀ ዳቦና የሐላዋ ጣፋጭ ቆርቆሮ አገኘሁ። ጮህኩ።
"ስበላ ብቻ ነው ዝም የሚለው፣ ቴታ።"
"ምኑ?"
"ጭንቅላቴ።"
ይህ መልስ ነው?

ታኅሣሥ 6
ሦስት ቀን ሆናት፣ ለአስጠኚው በር አልከፍትም ካለች። "እንዲያየኝ አልፈልግም" ትላለች። ኢናስ ታለቅሳለች። ለቅሶ መቼ ሥራ ሠርቶ ያውቃል?

ታኅሣሥ 10
ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ሴት ናት። ትመዝናታለች ብዬ ስጠብቅ፣ "መጨረሻ ከቤት የወጣችው መቼ ነው?" አለች።
"ለቀለበቱ" አለች ኢናስ።
"ከዚያ በፊትስ?"
"በፊትማ ኳስ ትጫወት ነበር።"
"ማን አስቆማት?"
የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬን ሳብ አድርጌ ያዝኩት።
ጭንቀቱ እንደሚያስበላት፣ የጨመረችው ክብደት ደግሞ መልሶ እንደሚያስጨንቃት ነገረችን። በየሳምንቱ ልታነጋግራት ቀጠሮ ሰጠች።
"ፈተናውስ?" አልኩ።
"መጀመሪያ ተፈታኟ ትትረፍልን፣ ሐጃ።"

ታኅሣሥ 11
ጫማውን አውጥቼ በሯ ሥር አስቀመጥኩ። እስከ ማታ አልተነካም።

ታኅሣሥ 15
ጫማው እዚያው ነው። ትዕግሥቴ አለቀ፣ በሩን አንኳኳሁ።
"ማሊያው ጠቦኛል" አለች ከውስጥ።
"ይሰፋል።"
"ሰው ይስቅብኛል።"
"ይሳቅ!"
"እርስዎም ስቀዋል፣ ቴታ።"
አይታኛለች ለካ። "አዎ። አጥፍቻለሁ" አልኩ። ለልጅ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። አልከፈተችም። ማታ ግን ማሊያው የክፍሌ በር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ጥር 10
ወደ እጅ ኳስ ክለቧ ሄድን። ወገቤ በሲሚንቶ አግዳሚው ተቆረጠ። ማሊያው ላይ በግራና በቀኝ የጨመርኩት ጨርቅ ቀለሙ አይመሳሰልም፤ ስፌቱም ጠምሟል፣ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ጂላን ሁለት ዙር ሮጣ ትንፋሽ አጠራት። ተቀመጠች። ተነሣች። ደግሞ ተቀመጠች።
"ትከሻሽን ቀና አድርጊ!" አልኳት።
"ቴታ፣ ወደ ቤት ይሂዱልኝ! ያሳፍሩኛል!"
ሜዳው ሁሉ ሰማ። ከጥቅምት ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አልሄድኩም።
ከኬሚስትሪው ሦስት ምዕራፍ ቀርቷታል። መቼ ልትደርስበት ነው?
ይህን ስጽፍ ነው ዛሬ ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ሳልመዝናት ዋልኩ።