ከዶሮ ቤትዎ የሚወርደው ውሃ

ቡሬ፣ ግንቦት 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

አዲስ አበባ ያስመረመርሁት ውሃ ውጤት ትናንት ደረሰኝ፤ ከነበረበት የዶሮ መድኃኒት ከአሥር ስምንት እጁ ጠፍቷል።

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎ? እትዬ ቻይነሽስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ማስተማሩም ተስማምቶኛል።

ውሃው የእርስዎ ነው። ፍኖተ ሰላም ለእሑድ ምሳ ስመጣ ከዶሮ ቤቱ ቦይ በጀሪካን ቀድቼ፣ ሳልነግርዎ አራት ጊዜ ወስጃለሁ። የሚኒባሱ ረዳት ጠላ መስሎት፣ ካላቀመስሽን አትሳፈሪም ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እዚህ ደቃቅ ዋቅላሚ፣ ያን ኩሬ የሚያለብሰውን አረንጓዴ ነገር፣ ጨምሬበት አሥራ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆየሁት። መድኃኒቱን ያነሳው እሱ ነው፤ አጠገቡ ዋቅላሚ ሳይገባበት ፀሐይ የሞቀው ውሃ የቀነሰው ከአሥር ሁለት እጅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን የዋቅላሚ ዘር እናንተ ቤት ማሳደሬ ስሕተት ነበር። እትዬ ቻይነሽ የሻገተ መስሏቸው ደፉት፤ ዕቃውን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው ጠበቁኝ። የተማረች ሴት ዕቃ ታሻግታለች ወይ ብለውም ወቀሱኝ። የሦስት ወር ሥራዬ የወይራ ሽታ ሆኖ ቀረ።

እርስዎ ዶሮን ሳይታመም ማከም ብልህነት ነው፣ ወራጅ ውሃም ነውር የለበትም ይላሉ። ወራጁ ኩሱን ያጥባል፤ መድኃኒቱን ግን ይዞት ይወርዳል። የበሽታ ተሕዋስ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ ይለምደዋል፤ ኋላ ሰው ሲታከምበት አይገድለውም። ከእርስዎ በታች የምትኖረው እህተ ማርያም የእግሯ ቁስል ሦስት መድኃኒት ተቀያይሮለት አልድን ብሏታል። ከእርስዎ ቦይ መጣ አልልም፤ አላውቅም። የምትታጠበው ግን በዚያው ውሃ ነው።

ውሃው ሳይወርድ ዋቅላሚው የሚያጠራበት ሁለት ገንዳ ይበቃል፤ ክረምቱ ሳይገባ ይቆፈራል፣ ዘሩን እኔ አመጣለሁ። እንደሚሠራ አልጠራጠርም። የቦይዎን ውሃ ሪፖርት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ስምዎ አለ፣ በሁለተኛው የገንዳው ንድፍ፣ ከሥሩም እሠራዋለሁ ብለው ለሚፈርሙት ፊርማ የተውሁት ቦታ። ባልደረቦቼ፣ ዘመድሽ ነውና እኛ እናቅርበው ቢሉኝ እምቢ አልሁ።

ጊዮርጊስ ከደጅዎ አይራቅ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። እሑድ ወረቀቱን ይዤ ለምሳ እመጣለሁ። ሰኞ ግንቦት 14 ቀን ጠዋት ለወረዳው አካባቢ ጥበቃ አስረክበዋለሁ።

እንቁላል ሸጠው ያስተማሯት፣
የወንድምዎ ልጅ